ውሻ ለነከሰው ሰው ሕጉ የሰጠው የካሳ መብት

ውሻ ሰው ነክሶ ሲያቆስል ለደረሰው ጉዳት ካሳ የሚከፍለው የውሻው ባለቤት ነው። ይህ በኢትዮጵያ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየ ደንብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደሚደነግገው የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው ድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ማንም ሊገምት የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ደንቡ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ በየሰፈሩ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የተነከሰው ሰው የመርፌ ዋጋ ተሰጥቶት፣ «ጎረቤት ነን፣ ይብቃን» ተብሎ ይሸኛል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ሥራው ሲስተጓጎል፣ ልጁ ውሻ ባየ ቁጥር እየጮኸ ሲደበቅ ተጨማሪ ካሳ መጠየቅ እንደሚችል የሚነግረው የለም።

ደንቡ የሚገኘው ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው የሕጉ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ኃላፊ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው፦ በራሱ ጥፋት ሌላውን ሲጎዳ፣ ያለ ጥፋቱ በሚሠራው ሥራ ወይም በያዘው ነገር ምክንያት ጉዳት ሲደርስ፣ እንዲሁም በሕግ ኃላፊ የሆነለት ሌላ ሰው ጉዳት ሲያደርስ። የእንስሳ ጉዳይ የሚመደበው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ተጎጂው ባለቤቱ ግዴለሽ እንደነበር ማስረዳት ሳይጠበቅበት ካሳ መጠየቅ ይችላል። ውሻው የተከሳሹ መሆኑን፣ የነከሰውም ይኸው ውሻ መሆኑን፣ ጉዳት መድረሱንና መጠኑን ካስረዳ ለኃላፊነት የሚያስፈልገውን አሟልቷል።

ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው መከላከያዎች በዚህ ምክንያት ዋጋ ያጣሉ። «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» የሚለው አያድንም። «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» የሚለውም፣ «በሩን ከፍቶ የተወው የጎረቤት ልጅ ነው» የሚለውም እንዲሁ። ቁጥር 2086 ኃላፊው ጥፋት የለብኝም በማለት፣ ጉዳቱን ለማስቀረት አልቻልኩም ወይም ሌላ ሰው ነው ያጠፋው በማለት ከተጠያቂነት እንዳያመልጥ ይከለክላል። በዚህ ቁጥር የተተወለት አንድ መውጫ አለ፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት።

ይህ መውጫ ጠባብ ቢሆንም እውነተኛ ነው። የታሰረ ውሻ በድንጋይ የወገረ፣ ቡችሎቿን ከምታጠባ ውሻ ቡችላ ሊነጥቅ እጁን የሰደደ፣ ሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ሰው ካሳው ሊቀነስበት ወይም ጨርሶ ሊከለከል ይችላል። በበሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ግን ብቻውን ባለቤቱን ነፃ አያወጣም። ጽሑፉን እያየ ሳያንኳኳና ሳይፈቀድለት የገባ ሰው ጥፋት አለበት ሊባል ይችላል፤ አንኳኩቶ «ግባ» ተብሎ የገባ እንግዳ ወይም ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ግን ምንም አላጠፋም። ሕፃናትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአራት ዓመት ልጅ የውሻ ጅራት ስለጎተተ «ራሱ ነው የፈለገው» ብሎ መከራከር ማስተዋል የጎደለው ክርክር ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አደጋውን ያመዛዝናል ተብሎ አይጠበቅም።

ውሻው በጉዳቱ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ከነበረስ? ቁጥር 2072 ለራሱ ጥቅም እንስሳውን የያዘ፣ የተከራየ፣ የተዋሰ ወይም ሊጠብቅ የተረከበ ሰው እንስሳው በእጁ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሕንፃ ሥራ የጀመረ ሰው ለዕቃ ጥበቃ ከዘመዱ ውሻ ቢዋስና ውሻው መንገደኛ ቢነክስ ተዋሹ ይጠየቃል። ባለቤቱ ለተጎጂው ከከፈለ ደግሞ እንስሳውን በእጁ ይዞት ከነበረው ሰው ላይ መልሶ መጠየቅ ይችላል። ከባለቤቱ ደመወዝ እየተቀበለ ውሻውን የሚፈታና የሚያስር ዘበኛ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጉዳቱ የደረሰው በሥራው ላይ ሳለ ከሆነ ተጎጂው ፊቱን ማዞር ያለበት ወደ አሠሪው ነው።

ከባዱ ጉዳይ ማንም «የእኔ ነው» የማይለው የመንገድ ውሻ ነው። ባለቤት ከሌለ ተከሳሽ አይኖርም። ሆኖም «የመንገድ ውሻ» የሚባሉት ሁሉ ባለቤት አልባ አይደሉም። ቀን ቀን ጎዳና የሚውል፣ ማታ ማታ ግን ከአንድ ግቢ ገብቶ የሚያድር፣ እዚያው የሚበላና በስሙ ሲጠሩት ጅራቱን እየቆላ የሚመጣ ውሻ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ቢክድም የጎረቤቶች ምስክርነት፣ የክትባት ካርድ፣ ውሻው በግቢው ውስጥ የተነሳው ፎቶግራፍ እውነቱን ሊያወጣ ይችላል።

እስካሁን የተባለው ተጎጂው ጥፋት ማስረዳት እንደማያስፈልገው ያሳያል። ነገር ግን ብዙ ከሳሾች የማያውቁት ሌላ ድንጋጌ አለ። በቁጥር 2074 መሠረት የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በባለቤትነት አስረክቦ ከኃላፊነት መዳን ይችላል። ይህ ድንጋጌ በሬ ወይም በቅሎ ጉዳት ሲያደርስ ትርጉም አለው፤ በሬ ሀብት ነው። ውሻ ለነከሰው ሰው ግን ያንኑ ውሻ መስጠት ካሳ አይሆንም፤ ለተጎጂው ሌላ ሸክም ነው። ሕጉ ራሱ ግን ለዚህ መብት ገደብ አብጅቶለታል። ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እርሱ ኃላፊ በሆነለት ሰው ጥፋት ከሆነ እንስሳውን አስረክቦ መገላገል አይቻልም። ስለዚህ አስተዋይ ከሳሽ በቁጥር 2071 ብቻ ተማምኖ አይቀመጥም፤ የባለቤቱን ጥፋትም አብሮ ያነሳል፣ ያስረዳል።

ጥፋቱ ምን ሊሆን ይችላል? ቀን በር ከፍቶ ውሻ መፍታት፣ የላላ ሰንሰለት አለመቀየር፣ ውሻ የሚያሾልክ አጥር አለመድፈን፣ ትልቅ ውሻ ለትንሽ ልጅ አሲዞ መንገድ መላክ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ውሻው ነካሽ መሆኑን እያወቁ ዝም ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ አድማጭ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ሰው የወጋ በሬ ባለቤት ንጹሕ ነው ከተባለ በኋላ በሬው አስቀድሞ ተዋጊ ከነበረና ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ፍርዱ በባለቤቱም ላይ ይጸናል። ዛሬም ከዚህ በፊት የተነከሰ ጎረቤት ቀርቦ «ለእርሳቸው ነግሬአቸው ነበር» ብሎ ቢመሰክር የክሱ መልክ ይለወጣል።

ወደ ካሳው ከመድረሱ በፊት የሚቀድመው ሕይወት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የተረፈ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀን እያለ እስከ 14ኛው ወይም እስከ 28ኛው ቀን ይቀጥላል። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ሌላ መከላከያ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ይሰጣል። የባህል መድኃኒት ቀምሶ ወይም ጠበል ተጠምቆ የሕክምና ባለሙያ ሳያዩ መቅረት ለሞት ያጋልጣል፤ ጠበሉን የሚፈልግ ሰው ክትባቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።

ውሻውን በንዴት ገድሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ሲጠበቅ ካልታመመ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ከሞተ ደግሞ ጭንቅላቱ በላቦራቶሪ ተመርምሮ በሽታው ይታወቃል። ለምርመራው ናሙናውን ማድረስ የሚገባው በእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ነው፤ ማንም በባዶ እጁ ሊነካው አይገባም። ውሻው ሲጠፋ የሕክምና ባለሙያው የሚመራበት ፍንጭ ይጠፋል፤ ለፍርድ ቤትም «የቱ ውሻ ነው የነከሰው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

ማስረጃ መሰብሰብ የሚጀምረው ከዚያው ከጤና ጣቢያው ነው። የካርድ ክፍሉ የሚሰጠው ወረቀት፣ ሐኪሙ የቁስሉን ቦታና ጥልቀት የጻፈበት ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የክትባት ደረሰኝ፣ የተቀደደና ደም የነካው ልብስ ሁሉም መቀመጥ አለባቸው። ልብሱን አጥቦ መጠቀም የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥርሱ ያረፈበት የሱሪ እግር ለዳኛ ብዙ ይናገራል። የቁስሉን ፎቶ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በየጊዜው ማንሳት ይጠቅማል፤ ቁስል ሲድን ምስክርነቱም አብሮ ይደበዝዛልና። በቦታው የነበሩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያን ዕለት መያዝ ያስፈልጋል። ከወር በኋላ ሲጠየቁ «እኔ ስደርስ አልቆ ነበር» የሚሉ ምስክሮች ብዙ ናቸው።

ጉዳዩን ለአካባቢው ፖሊስ ማመልከትም ተገቢ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን በአንቀጽ 559 ያስቀጣል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ደግሞ በአንቀጽ 543 የተደነገገ ነው። ሆን ብሎ «ያዘው» እያለ ውሻ ያስነከሰ ሰው ውሻውን እንደ መሣሪያ የተጠቀመ ያህል ስለሆነ አስቦ አካል በመጉዳት ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። የወንጀሉ ክስ ባይቀርብ ወይም ተከሳሹ በነፃ ቢለቀቅ ካሳው አብሮ አይሞትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነፃ ማውጣት ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። በወንጀል ያልተቀጣ ሰው ለካሳ ሊጠየቅ መቻሉን ብዙ ተጎጂዎች ስለማያውቁ የፖሊስ መዝገብ ሲዘጋ ተስፋ ቆርጠው ይቀመጣሉ።

የካሳው ልክ በቁጥር 2091 ተወስኗል፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። በመንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት ባቷን ተነክሳ 18 ቀን ከሥራ ቀረች እንበል። በቀን ወጪዋ ተቀንሶ 500 ብር ይተርፋት ከነበረ ያጣችው ገቢ 9,000 ብር ነው። ለሕክምናና ለመድኃኒት 6,400 ብር፣ ለክትባቱ ስትመላለስ ለትራንስፖርት 1,200 ብር አውጥታለች፤ የተቀደደው ቀሚሷና ጫማዋ 1,400 ብር ያወጣሉ። ድምሩ 18,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ ሰጥቷት የነበረው የመጀመሪያው ቀን የመርፌ ዋጋ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ ይሏል። ቡና የምትሸጥ ሴት ለገቢዋ ደረሰኝ ላይኖራት ይችላል። ይህ ጥያቄዋን አያስቀረውም፤ ደንበኞቿ መመስከር ይችላሉ፤ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት ካልተቻለም ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲገምተው ሥልጣን ይሰጠዋል።

ጅማት ተበጥሶ እጅ የማይታጠፍ ከሆነ፣ ፊት ላይ ጠባሳ ቀርቶ ሌላ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ሒሳቡ ወደፊትም ይሄዳል። ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ዛሬ ካሳ ሊወሰንበት እንደሚችል በቁጥር 2092 ተደንግጓል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሐኪም ማስረጃ ሲሆን ቋሚ የአካል ጉዳት ሲኖር የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ገልጾ ይጽፋል። ተጎጂው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በቁጥር 2095 መሠረት ያጡትን መተዳደሪያ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሕመሙ፣ ድንጋጤው፣ ልጁ ሌሊት እየባነነ የሚያለቅሰው ልቅሶ በደረሰኝ አይለካም። ለዚህ የሚሰጠው የኅሊና ጉዳት ካሳ ነው፤ ቁጥር 2113 የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሰው ወይም ሞት ሲሆን ለቤተሰቡ ዳኛው ተገቢ ካሳ ሊወስን እንደሚችል ይገልጻል። ነገር ግን ቁጥር 2116 የዚህን ካሳ ጣሪያ በ1,000 ብር ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን ፊቷ በውሻ ጥርስ የተበላሸ ሕፃን ለደረሰባት ሥቃይ ሕጉ ከዚህ በላይ አልሰጥም ማለቱ ፍትሕን የሚያጎድል ነው፤ ሕግ አውጪው ሊያሻሽለው ይገባል። እስኪሻሻልም ቢሆን መጠየቁ አይቅር። የኅሊና ጉዳት ድንጋጌዎቹ በቁጥር 2105 ሲጀምሩ ስለ ጥፋት አድራጊ የሚናገሩ በመሆናቸው የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት እዚህም ይጠቅማል።

በሥራው ላይ ሳለ የተነከሰ ሰው፣ ለምሳሌ ዕቃ አድራሽ ወይም ቆጣሪ አንባቢ፣ ሁለት በር አለው። አንደኛው የውሻው ባለቤት ሲሆን ሌላው የራሱ አሠሪ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ያለ ጥፋቱም ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል። አደጋውን ለአሠሪው ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠቅማል።

አብዛኛው ጉዳይ ከፍርድ ቤት በፊት ለሽማግሌ ይቀርባል፤ መቅረቡም መልካም ነው። ጎረቤት ተካስሶ ከሚኖር ተስማምቶ ቢኖር ይሻላል። ችግሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው። ቁስሉ ገና እርጥብ ሳለ፣ ክትባቱ ሳያልቅ፣ «ተስማምቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብሎ የፈረመ ሰው በኋላ የሚመጣውን ጉዳት ራሱ ይሸከማል። በሁለቱ ፈቃድ ክርክርን የሚዘጋ የእርቅ ስምምነት ውል ነውና ያስራል። ስለዚህ ዕርቁ የሐኪሙ የመጨረሻ ማስረጃ እስኪወጣ ቢቆይ፣ ካልሆነም የተከፈለው ገንዘብ እስከዛሬ ላለው ሕክምና ብቻ መሆኑ፣ የሥራ መስተጓጎልና የወደፊት ጉዳት ጥያቄም እንዳልተተወ በወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ተጎጂው ይጠበቃል።

ሽምግልናው ካልያዘ ክሱ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ላለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በክልሎች ይህ አብዛኛውን ጊዜ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የክስ ማመልከቻው ቀኑን፣ ቦታውን፣ ውሻው የማን እንደሆነ፣ ጉዳቱን፣ የሚጠየቀውን ገንዘብ በየአርእስቱ ዘርዝሮ ይገልጻል፤ የማስረጃ ዝርዝርም ይያያዝበታል። ለሕፃን ልጅ ክሱን የሚያቀርበው ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ነው። የዳኝነት ክፍያ በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ይሰላል፤ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን በቃለ መሐላና በማስረጃ አስደግፎ ክፍያ ሳይፈጽም ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላቸው ሰዎች በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ካሉት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ሴቶች ደግሞ ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እርዳታ ሊጠይቁ ይችላሉ። የረታ ወገን ወጪና ኪሳራውን ከተረታው የመጠየቅ መብት አለው፤ ተረቺው በፈቃዱ ካልከፈለም በአፈጻጸም ችሎት ንብረቱ ተከብሮ እንዲሸጥ ይደረጋል።

ይህ ሁሉ መብት ግን የጊዜ ገደብ አለው። በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ካሳ መጠየቅ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣና ለእርሱ የተወሰነው የይርጋ ጊዜ ከ2 ዓመት የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ለካሳውም ይሠራል። ሽማግሌ በቀጠሮ ሲያመላልስ ያለፈ ወርም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይቆጠራል። ጊዜው ካለፈ በኋላ በቀረበ ክስ ላይ ተከሳሹ የይርጋ መቃወሚያ ካነሳ ክሱ ውድቅ ይሆናል።